ጓሮ ያለው ነጋዴ

መስከረም ከገባ በኋላ መርካቶ የሚመላለስ ሰው ገበያው ቀን በቀን እየሳሳ መሄዱን ያስተውላል። መጀመሪያ የሚጠፉት ሊስትሮዎቹ ናቸው። ሱቅ በደረቴዎቹ ይከተላሉ፤ ከዚያ የጅምላ መደብር ሠራተኞች፣ በመጨረሻ ባለሱቆቹ ራሳቸው። ለመስቀል ሁለት ሦስት ቀን ሲቀር፣ በሌላ ጊዜ ሳይጋፉ የማይታለፍባቸው መተላለፊያዎች ላይ የብረት መዝጊያ ወርዶ፣ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ዕቃ ፈልጎ የመጣ ደንበኛ "አገራቸው ገብተዋል" ይባላል፤ እሱም አይከራከርም፣ ከበዓሉ በኋላ ይመለሳል። ሙስሊሞቹ ጉራጌዎችና ስልጤዎች ደግሞ ለአረፋ እንዲሁ ያደርጋሉ።

በአንድ የመስቀል ሰሞን ከጉራጌ ነጋዴዎች ጋር ወደ አገራቸው የወጣሁት በዓሉን ለማየት ብቻ አልነበረም። በአዲስ አበባ ሆቴሎች አዳራሽ ለጀማሪ ነጋዴዎች የሚሰጡ ሥልጠናዎችን ቁጭ ብሎ መስማት ለዓመታት ከሥራዬ አንዱ ሆኖ ቆይቷል። መድረክ ላይ የሚወጣው ሰው ይለያይ እንጂ ስብከቱ አንድ ነው፦ ድፈር፤ ደመወዝህን ጥለህ ውጣ፤ የመመለሻ በርህን በገዛ እጅህ ዝጋው፤ ሰው የሚበረታው መሄጃ ሲያጣ ነው። አዳራሹ ያጨበጭባል። እኔ ግን በዚህች ከተማ በንግድ ድፍረት ስማቸው ቀድሞ የሚነሣ ሰዎች የመመለሻ በራቸውን ዘግተው እንደማያውቁ አይ ነበር። እንዲያውም በየዓመቱ ሱቁን ዘግተው በዚያው በር ይገባሉ። ነገሩን ከበሩ ወዲያ ሆኜ ልየው ብዬ ተነሣሁ።

ከሰበታ በኋላ የከተማው ግፊያ ይላላል። በተፍኪና በቱሉ ቦሎ መካከል የበቾ ሜዳ ክረምቱ የተወለትን ውኃ ገና አልጨረሰም፤ ገበሬው ግን ውኃው የሸሸበትን መሬት እየተከተለ ለሽምብራ ማረስ ጀምሯል። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት በሞተር ሳይክል ዕቃ የሚያደርስ ድርጅት ካቋቋመ ዓመት አልሞላውም። የሚሄደው አያቶቹ ዘንድ ነው፤ እኔም የእሱ እንግዳ ነኝ። ፊት ለፊታችን የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ ጎልማሳ አለ። ከወጣቱ ጋር አይተዋወቁም፤ ግን ገና ከከተማ ሳንወጣ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆኑ ተጠያይቀው ጨርሰዋል።

ጎልማሳው ስለ ሐምሌ 2016 አጫወተን። መንግሥት የውጭ ምንዛሬን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ገባ። እሱ ያን ጊዜ ዕቃ በዱቤ አስመጥቶ፣ ሸጦ፣ ዕዳውን በዶላር ሊከፍል ቀን ይጠብቅ ነበር። ሽያጩ በአሮጌው ዋጋ፣ ክፍያው በአዲሱ ሆነበት። ጎረቤቱ ደግሞ ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ገበያ ጠፍቶበት መጋዘኑ እንደሞላ ነበር።

"ያን ሰሞን ጎረቤቴ ጮሌ ተባለ" አለ እየሳቀ። "ዕቃው እንቢ ብሎት እኮ ነው የከበረው! እኔ ደግሞ ቶሎ በመሸጤ ሞኝ ሆንኩ።"

"ታዲያ ዘንድሮስ?" አለው ወጣቱ።

"ዘንድሮ በሬ የለም፣ ቅርጫ ነው። ግን ይገባል።"

ከብዙ የስኬት ታሪክ የተሻለ ትምህርት እዚህች ጨዋታ ውስጥ አለ። በዚያ ሐምሌ ከበረ የተባለው ሁሉ ብልህ፣ የከሰረው ሁሉ ሰነፍ አልነበረም። ሆኖም አዳራሽ ተከራይቶ ታሪኩን የሚተርከው መጋዘኑ ሞልቶ የቆየው ሰው ነው፤ በትረካው ውስጥ ደግሞ ገበያ ያጣበት ክረምት "ትዕግሥት" ይባላል። ጥቅምት 2017 ላይ የመርካቶውን ሸማ ተራ የበላው እሳትም የለፋውንና ያልለፋውን ለይቶ አላቃጠለም። ነጋዴ እንዲህ ያለውን ቀን አስቀድሞ ማወቅ አይችልም። የሚችለው ከዚያ ቀን በኋላ ምን እንደሚበላ አስቀድሞ ማሰናዳት ነው፤ እኔም ከመስቀል መንገደኞች ልማር የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

ወሊሶ ላይ ቁርስ በላን። ከወልቂጤ ወደ እምድብር ስንታጠፍ መልክዓ ምድሩ ይለወጣል፤ ቅጠሉ እየሰፋ፣ ጥላው እየጠቆረ፣ ቤቱ ከእንሰቱ ኋላ እየተደበቀ ይሄዳል። መንደሩ የሚጀምረው በጀፎረ ነው። ሰፊ፣ ሣር የለበሰ፣ ግራና ቀኙን ሳር ቤቶች ተሰልፈው የቆሙበት ጎዳና። ከብት ይግጥበታል፣ ለቅሶም ሠርግም ይቀመጥበታል፣ ልጅ ይራገጥበታል። ቤቱ ፊት ለፊት ይህን የሚያህል ለም መሬት እያየ አንድ ክንድ እንኳ ወደ አጥሩ የሚገፋ የለም፤ የሚሞክር ቢኖር በየጆካ ቅጫ፣ ማለትም በሰባት ቤት ጉራጌ ባህላዊ ሕግ፣ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። መርካቶ ውስጥ ለአንድ ካሬ ሜትር ነፍሱን የሚሰጠው ሰው እዚህ ይህን ሁሉ ሜዳ እንደዋዛ ትቶት ያድራል።

አስተናጋጃችን አባባ የወጣቱ አያት ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ዘልሏል። አሁንም መርካቶ የሱቅ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ አሁንም የአንድ እቁብ ዳኛ ናቸው። ባለቤታቸው ግን መንደሩን ለቀው አያውቁም። ልጆቹ ሁሉ እቴቴ ነው የሚሏቸው፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። በመጣን በማግስቱ አባባ ፊት ለፊቱን ጀፎረ ትተው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

እንሰቱ በዕድሜው ነው የተደረደረው። ከቤቱ አጠገብ ገና ከአንድ ጉቶ በብዛት የፈሉት ቡቃያዎች አሉ። ከእነሱ ቀጥሎ አንዴ ተነቅለው ዳግም የተተከሉት፤ ከዚያ ቁመታቸው ሰው ያለፈው፤ ጥግ ላይ ደግሞ ሊፋቁ የደረሱት፣ ግንዳቸው ሁለት ሰው የሚያቅፈው። እንደ ደጋነቱና እንደ ዝርያው አንድ ተክል ለመድረስ ሦስትም ሰባትም ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይወስዳል። በዚህ ዓመት የሚበላው ከዓመታት በፊት የተተከለ ነው፤ ዘንድሮ የሚተከለው ደግሞ ከዓመታት በኋላ ይበላል። ከጓሮው መካከል አንድ ረድፍ ቢጎድል ረሃቡ የሚመጣው ዛሬ ሳይሆን የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ተፍቆ፣ በጉድጓድ በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀበረው ቆጮ ደግሞ ወራት አልፎም ዓመት ይቀመጣል፤ ሲያረጅ ይከብራል እንጂ አይረክስም።

"ይኼ ነው ባንኬ" አላሉኝም አባባ፤ እንዲህ ዓይነት ንግግር አይወዱም። ተክሎቹን እየዳሰሱ "ይኼ የእገሌ ሠርግ ነው፣ ይኼ የክረምት ነው፣ ይኼ አይነካም" እያሉ አለፉ። ያን "አይነካም" የተባለውን ረድፍ ልብ አልኩት።

በአገራችን ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሕይወቱ በእንሰት ላይ እንደቆመ ይነገራል። ድርቅን ይቋቋማል፣ የሚነሣበት የመከር ወቅት የለውም፣ ሲቸግር ይቆረጣል ካልቸገረ ይቆያል። በ1977 ድርቅ ሰሜኑ ሲያልቅ እንሰት የሚበላው አገር የተሻለ የዘለቀው በዚህ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን በርዕሱ ላይ ያስተዋወቀው በንግዱ አይደለም፣ በእንሰቱ ነው። እኔም ጓሮው ውስጥ ቆሜ የገባኝ የዚህ ርዕስ ትክክለኛነት ነው። "ጉራጌ ንግድ በደሙ አለ" የሚባለውን ተረት ፈጽሞ ወድጄው አላውቅም። በደም የሚወረስ የሂሳብ ችሎታ የለም። የነበረው ነገር ሥርዓት ነው፦ አንድ ልጅ አዲስ አበባ ወርዶ ጫማ ሲጠርግ እናቱ፣ ሚስቱ፣ ታናናሾቹ እሱ በሚልከው ሳንቲም ላይ አልተንጠለጠሉም። እሱ ቢያገኝ ለግብርም ለበዓልም ነው፤ ቢያጣም ቤቱ ምሳና ራት ይበላል። እንዲህ ያለ ልጅ ያገኘውን ብር መልሶ ዕቃ ሊገዛበት፣ ዕቃው ባይሸጥ እንደገና ሊሞክር ይችላል። የሚደፍረው ከሌላው የበለጠ ደፋር ሆኖ ስለተፈጠረ አልነበረም፤ ሲወድቅ የሚያርፍበት መሬት ቅርብ ስለነበር ነው።

የአባባ የራሳቸው ታሪክም ከዚህ አይወጣም። በልጅነታቸው አጎት ተከትለው ወረዱ። ከሊስትሮነት ወደ አረብ ቤት ገቡ፤ አንድ የመናዊ ባለሱቅ ጋ ዕቃ ሲያወርዱ፣ ሲመዝኑ፣ በኋላም ዱቤ መዝገብ ሲይዙ ዓመታት ቆዩ። "ትርፍ ከመሸጥ አይገኝም፣ ከመግዛት ነው" የሚለውን የንግድ ሀሁ ከዚያ እንዳመጡት ነገሩኝ፤ በርካሽ ያልገዛ በምንም አፍ አይሸጥም። ከአንድ ዘመዳቸው ጋር ተጋርተው ትንሽ ሱቅ ያዙ፤ በ1950ዎቹ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት አዲስ አበባ ካለው የአገሩ ሰው መዋጮ እየሰበሰበ መንገድ ሲያስወጣ እሳቸውም አዋጡ። እኛ የመጣንበትን ዓይነት መንገድ መንግሥት እስኪሠራላቸው አልጠበቁም። ይህን ሲናገሩ ኩራት አለበት፤ ወዲያውም "መንገዱ ለእኛም ጠቀመን፣ ቅቤውም ሰውም ቶሎ መጣ" ብለው ወደ ሂሳቡ መለሱት።

ከዚያ 1967 መጣ። በሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ አባባ ያከራዩዋቸው የነበሩትን ቤቶች ወሰደ። ቀጥሎ የወጣው ሌላ አዋጅ የግል ነጋዴ ሊይዝ የሚችለውን ካፒታል ለችርቻሮ 200,000፣ ለጅምላ 300,000 ብር ላይ ገደበው፤ አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ሥራ እንዳይዝም ከለከለ። ዘመኑ ማደግ ራሱ ወንጀል የሆነበት ነበር። አባባ ሱቃቸውን ለዘመድ ሰጥተው አገራቸው ገቡ።

"ምን አሏቸው ሲመጡ?" ብዬ እቴቴን ጠየቅኋቸው።

"ምን እላለሁ? እንሰት ፋቅኩ።"

ተከታትዬ ስጠይቅ ነው የወጣው። እቴቴ ባላቸው ከተማ በነበሩበት ዘመን ሁሉ ከጎረቤት ሴቶች ጋር የቅቤ እቁብ ይጥሉ ነበር፤ እያንዳንዷ የላሟን እያዋጣች አንድ ቀን አንዷ፣ ሌላ ቀን ሌላዋ የምትወስደው። ቅቤውን ለመስቀል ያደርሱታል፣ የተረፈውን እስከ ወልቂጤ ገበያ ይወስዱታል። አባባ ተመልሰው መርካቶ ሲወርዱ የያዙት መነሻ ከዚያ የወጣ ነው። ወንዶቹ ስለ ንግድ ሲያወሩ ይህችን ብር አይጠሯትም። እቴቴም ቅር ያላቸው አይመስሉም፣ ግን ይህን ስነግራቸው አባባ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ "እውነት ነው፣ የእሷ ነው" አሉ።

እዚህ ላይ አንድ የማውቀው ሰው ትዝ አለኝ። ስሙን አልጠራም፣ ከዚያው የሆቴል መድረክ ላይ ከሚወጡት ነው። ሥራውን ለቆ፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዴት ድርጅት እንዳቆመ ሲተርክ ወጣቶቹ እንባ ያወጣሉ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ነርስ የሆነችው ሚስቱ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ወተትና የትራንስፖርት ትከፍል እንደነበር በትረካው ውስጥ የለም። ውሸታም አይደለም፤ አላየውም። ከተማ ውስጥ ጓሮ አጥር የለውም፤ ደመወዝተኛ የሆነች ሚስት ናት፣ ዕቃ ቤት የምታከራይ እናት ናት፣ ሲቸግር ተመልሶ የሚሠራበት የሙያ ፈቃድ ነው። ያለው ሰው እንደ አየር አያስተውለውም። የሌለው ሰው ግን ንግግሩን ሰምቶ ሥራውን ይለቃል።

እቁቡን በተመለከተ ከአባባ ጋር ብዙ አወራን። የእሳቸው 20 አባላት አሉት፣ በየሳምንቱ 5,000 ብር ይጣላል። መጀመሪያ የወጣለት 100,000 ብር ወስዶ በቀሩት ሳምንታት ይከፍላል፤ ያለ ወለድ፣ ያለ ቤት ማስያዣ የተገኘ ብድር ነው። የመጨረሻው ግን የራሱን ብር ቆጥሮ ይወስዳል፣ በመካከሉ የረከሰውን የሚክሰው የለም። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ በዓመታዊ እቁብ መጨረሻ መውጣት ማለት መጀመሪያ ከወጣለት ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህሉን ለአየር መስጠት ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ስነግራቸው አባባ አልካዱም። ብሩን ለማትረፍ የሚጣል እቁብ የለም አሉኝ። እቁብ የሚጣለው ሰው ለመተዋወቅ ነው፦ ማን በሰዓቱ ይከፍላል፣ ማን ዝናብ ሲዘንብ ይቀራል፣ ማን ዕጣ ከወጣለት በኋላ ስልኩ አይነሣም። ባንክ ቤት ወይም መኪና አምጣ ይላል። እቁቡ ዋስ አምጣ ይላል፤ ዋስ ደግሞ ባለፈው ዓመት ሳምንት ሳይዘል ሲከፍል ያየህ ሰው ነው። ይህን ያህል ዓመት ለመታየት የሚጠብቅ ጀማሪ ዛሬ ስንት ነው እንጂ።

ሁሉን ነገር አሳምሬ አልጽፈውም። የመስቀል መንደር ለእንግዳ ያታልላል። በበዓሉ ሰሞን ጀፎረው ላይ አዲስ መኪና ቆሞ፣ በሬ ታርዶ፣ ክትፎው በቅቤ እየዋኘ፣ አይብና ጎመን ከጎኑ፣ ቆጮው በትኩሱ እየተቆረሰ ሲታይ አገሩ በሙሉ የተሳካለት ነጋዴ ይመስላል። የመጡት ናቸዋ! ያልተሳካለት አይመጣም። በጎረቤት ቤት ያሉ የአንዲት እናት ልጅ ሁለት መስቀል እንዳልመጣ ሰማሁ፤ መርካቶ ተሸካሚ ሆኖ ያየው አለ፣ ያላየው ይበዛል። ባዶ እጅ መግባት ነውር ስለሆነ ራሱን ደብቋል። በእናቱ ጓሮ የተተከለው እንሰት እሱን ለመቀበል የቆመ ነበር፤ በሩን የዘጋው ነውሩ ነው። ከሚመጡትም ውስጥ ለበዓሉ ተበድሮ የሚገባ፣ የሱቁን የሚዞር ገንዘብ በሬ አድርጎ የሚያርድ፣ ጥቅምትን በዕዳ የሚጀምር አለ። መመለሻ በር መታያ መድረክ ሲሆን ጥቅሙ ይጠፋል። ያ የመለዋወጫ ነጋዴ "ዘንድሮ ቅርጫ ነው" ብሎ በግላጭ መናገሩ ለዚህ ነው ያስደነቀኝ፤ ከመኪናው ሙሉ ሰው ምናልባት ትልቁ ሀብታም እሱ ነበር።

ጓሮውም ራሱ ዘላለማዊ አይደለም። ከአንዱ ረድፍ ሁለት እንሰቶች ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ወደ ታች ወድቋል። አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ነው። በተበከለ ቢላዋ፣ በከብት፣ በነፍሳት ይተላለፋል፤ የያዘውን ነቅሎ መቅበርና መሣሪያውን በእሳት ማጽዳት ነው እንጂ መድኃኒት የለውም። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ እንሰት የነበረበት ጓሮ ባሕር ዛፍ ሆኗል፣ ሌላው ጫት ተተክሎበታል። ጫቱ በየጊዜው ብር ያመጣል፤ እንሰቱ ዓመታት ቁጭ ይላል። ባለጫቱ በሂሳብ ትክክል ነው፣ ገበያው እስካለ ድረስ። እቴቴን ስጠይቃቸው "ጫት አይበላም" ብለው ዝም አሉ፤ ወጣቱ "ይበላል እንጂ እቴቴ" ብሎ አሳቃቸው።

ወጣቱ የመጣበት ዋና ጉዳይ የወጣው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። አምስት ሞተሮች አሉት፤ አሥር ሊጨምር ይፈልጋል። ለዚህ የአባቱን የአዲስ አበባ ቤት ባንክ ሊያስይዝ አስቧል። አባቱ "አያትህን ጠይቅ" ብለውታል። ሽማግሌው ስለ ሞተር፣ ስለ ስልክ መተግበሪያ፣ ስለ ገበያ ድርሻ አንድም ጥያቄ አላነሡም።

"ሥራው ዛሬ ቢዘጋ ስንት ወር ትበላለህ?"

ልጁ አሰበ። "ሁለት... ሁለት ወር፣ አባባ።"

"ልጆቹስ? ሞተር የሚነዱት?"

"ደመወዛቸው የወር ነው።"

"ስለዚህ ሁለት ወር የለህም፣ አንድ ወር ነው ያለህ። ወንድሞችህስ የት ያድራሉ ቤቱ ሲሸጥ?"

"አይሸጥም እኮ አባባ፣ ዋስትና ብቻ ነው።"

"ያስያዙት ሁሉ እንዲህ ነው ያሉት።"

እኔ እዚህ ላይ የልጁ ጠበቃ ሆንኩ። ዘመኑ እንደ እሳቸው አይደለም፤ ባንክ ያለ ማስያዣ እምብዛም አያበድርም፣ የእሱ ዓይነት ሥራ ቶሎ ካልሰፋ ሌላው ይሰፋበታል፣ እንሰት የሚደርስበትን ያህል ዓመት የሚጠብቅ ገበያ የለም አልኳቸው። አባባ አዳመጡኝ። ከዚያ ከጓሮው ያልነኩትን ረድፍ አስታወሱኝ። በ1967 ቤቶቻቸው ሲሄዱ፣ በኋላም ሁለት ጊዜ ሲከስሩ፣ ያ ረድፍ ለሱቅ አልተሸጠም፣ ለዕዳ አልተያዘም። ሱቁ ሲከስር ሱቁ ነው የከሰረው እንጂ ቤቱ አልከሰረም። "አንተ ያልከው ፍጥነት ጥሩ ነው" አሉኝ፤ "ግን በራሱ ገንዘብ ይፍጠን። በወንድሞቹ መኝታ አይፍጠን።"

ይህን ከሰማሁ በኋላም በከፊል አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። ቤቱን ማስያዝ ሁልጊዜ ስሕተት ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ውስጥ ግማሹ ፋብሪካ ባልተሠራ ነበር። ግን የሽማግሌው ጥያቄ የሥልጠናዎቹን ሁሉ ጥያቄ ገልብጦታል። እዚያ "ምን ያህል ትፈልገዋለህ?" ነው የሚባለው። እሳቸው የጠየቁት ቢወድቅ አብሮት የሚወድቀው ማን እንደሆነ ነው፤ የሚወድቀው ሰው ተጠይቆ ተስማምቷል ወይ የሚለውም ከውስጡ አለ። ብዙ የከሰሩ ጓደኞቼን አውቃለሁ። ከኪሳራው ያልተነሡት ብዙ ገንዘብ ያጡት አይደሉም፤ ገንዘቡን ከእናት፣ ከሚስት፣ ከወንድም ሳይነግሩ የወሰዱት ናቸው። የጠፋው ብር ይመለሳል፣ እነሱ ግን ቤተሰብ ፊት መቅረብ ስላቃታቸው እንደዚያ ተሸካሚ ልጅ መንገዱን ለቀቁት።

በመመለሻችን ዋዜማ ልጁ ሌላ ሂሳብ ይዞ መጣ። ቤቱ ይቅር። አሥር ሞተር ሳይሆን ሦስት፤ ከሦስቱ በፊት የሠራተኞቹ የሦስት ወር ደመወዝ ተለይቶ ይቀመጥ። ድሮ ይሠራበት ወደነበረው የሂሳብ ቢሮ በሳምንት ሁለት ቀን ይመለስ፤ ይህች ሁለት ቀን ቤቱን ትመግባለች፣ ድርጅቱን አትንካ። ለሦስቱ ሞተር ደግሞ የአያቱን እቁብ ይግባ፣ አባባ ዋስ ይሁኑት።

አባባ ዋስ እሆናለሁ አሉ። ግን ዳኛው እሳቸው ስለሆኑ አዲስ አባል መጨረሻ እንዲወጣ ያደርጋሉ።

"መጨረሻ? አባባ፣ ብሩ እስከዚያ ይረክሳል እኮ!"

"ይርከስ። አንተ ትወደዳለህ።"

"ሞተሩ ዋጋው ይጨምራል።"

"ይጨምር። ያኔ ሃያ ሰው በዱቤ ይሸጥልሃል።"

"አምስተኛ ያድርጉኝ።"

"አሥራ ስምንት።"

ወልቂጤ ድረስ አብረውን በመኪና መጡ። መናኸሪያው ላይ ዕቃችን ሲጫን ልጁ ስምንተኛ ላይ ቆሟል፣ ሽማግሌው ወደ አሥራ አምስተኛ ወርደዋል። ረዳቱ "ሂሳብ!" እያለ ሲጮኽ ሁለቱም አልሰሙትም።